ከሥዕሉ ይልቅ ቁጥሩን

ክረምቱ ወጥቶ ግቢያችሁን በጌጥ መብራት ልታስውቡ አስባችኋል? የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና ልንገራችሁ፦ ካርቶኑ ላይ ያለው ውብ ሥዕል እንድትገዙ የተሠራ ነው፤ የሚጠቅማችሁ ግን በጎኑ በደቃቁ የተጻፈው ቁጥር ነው። «አይፒ 20» ለሳሎን ብቻ ነው፤ ውኃ አይችልም። «አይፒ 44» ርጭትን ይቋቋማል፤ ለከባድ ዝናብ «አይፒ 65» ይሻላል።

ልጆች በሚሮጡበት ግቢ በአዳፕተር፣ በ12 ወይም በ24 ቮልት የሚሠራውን ምረጡ፤ 220 ቮልት በእርጥብ ሣር ላይ ቀልድ አያውቅም። አዳፕተሩና ሶኬቱም ዝናብ በማያገኘው ቦታ ይሁኑ። ሞቅ ያለ ብርሃን ለምትወዱ 2700 ኬልቪን የሚል ኤልኢዲ አለ። ሶላር መብራት ሲጠፋም ያበራል፤ በደመናማ ቀን ግን ቶሎ ይደክማል። ቁጥር የሌለው ካርቶን ከገጠማችሁ፣ ዋጋው ቢረክስም እዚያው ተዉት።