የታይሮይድ ሕሙማን የምግብ ምክር ከጓዳችን ይነሣ

የታይሮይድ ዕጢው ሥራ መዳከሙ የተነገረው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ልብላ?» ብሎ ነው። የሚያገኘው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሀገር ማእድ የተቀዳ ነው፤ የባሕር አረም ይመገቡ፣ ስንዴ ይተዉ፣ ጎመን አይቅመሱ የሚል። አራዳ ላይ የባሕር አረም የሚሸጥ አላየሁም። ጎመን በርግጥ አዮዲን ወደ ዕጢው እንዳይገባ የሚያውኩ ውሕዶች አሉት፤ ይሁን እንጂ ሲቀቀል ይቀንሳሉ፣ ጉዳታቸውም የሚጎላው አዮዲን በጎደለበት ሰውነት ነው። ጾመኛን እናት ጎመን መከልከል ከጠባብ ምርጫዋ ላይ መቀነስ ነው።

የእኛ ዋና ጉዳይ ጨው ነው። በዝናብ በታጠበው የደጋ አፈር የሚበቅል እህል አዮዲን ያንሰዋል፤ ወተትና እንቁላል ደግሞ በጾም ወራት አይቀመሱም። ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም እንደሚያስፈልግ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ በእርግዝና ወቅት የሚደርሰው ጉድለት የጽንሱን አእምሮ ይጎዳል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መሠረት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2011 ከነበሩበት 15 ከመቶ ገደማ በ2016 ወደ 89 ከመቶ ገደማ ደርሰዋል። ውጤቱ የሚያኮራ ቢሆንም፣ ቁጥሩ አዮዲን መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግረንም። ጨው ክዳን በሌለው ዕቃ ከምድጃ አጠገብ ይቀመጣል፤ ወጡ ሳይበስል ይጨመራል፤ ከበርበሬ ጋር ተቀላቅሎ ወራት ይሰነብታል። ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር የሚለው ምክር በርበሬ ውስጥ ቀድሞ የገባውን ጨው አያውቀውም።

ጨው ግን ሁሉንም አይፈታም። ሕመሙ የሰውነት መከላከያ ዕጢውን በማጥቃቱ የመጣ ከሆነ፣ አዮዲን ማብዛት ሊያባብሰው ይችላል፤ ሕክምናው ሌቮታይሮክሲን ነው። እዚህ ላይ ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ሰዓቱ ይከብዳል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መወሰድ አለበት። ቡና፣ ወተትና የብረት እንክብል ወደ ደም እንዳይገባ ያውካሉ፤ ብረትና ካልሲየም እንዲያውም የአራት ሰዓት ልዩነት ይሻሉ። ታዲያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማትቀምስ ጾመኛ መቼ ትዋጠው? ከምግብ ጋር ከዋጠችው የሆርሞን ምርመራዋ ይዛባል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ እንዳነሳት ቆጥሮ መጠኑን ሊጨምር ይችላል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ያው መጠን ሊበዛባት ነው። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መድኃኒቱ በመኝታ ሰዓት ሲወሰድ ከጠዋቱ የተሻለ ውጤት እንዳሳየ አመልክቷል። ከእራት ሦስት ሰዓት ያህል እስከራቀ ድረስ፣ ይህ ለጾመኛ የተመቸ መንገድ ይመስለኛል፤ በሐኪም ክትትል ይሁን እንጂ።

የተመራቂዎቻችን የጥናት መጠይቆች ግን አሁንም «ጎመን በሳምንት ስንት ጊዜ ይመገባሉ?» ማለትን ይመርጣሉ። ዩኒቨርሲቲያችን በዳባት ቤተሰቦችን ለዓመታት የሚከታተልበት ጣቢያ አለው። እዚያ ሁለት ጥያቄዎች ቢታከሉ ምንኛ በጠቀመን፦ ጨው ወጡ ውስጥ የሚገባው መቼ ነው? እንክብሉስ በጾም ቀን በስንት ሰዓት ይዋጣል?