ነርሷ ለምን ትሄዳለች?

በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ወንጪ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሎጅና መንገድ ተሠርቶለት በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። መልካም ሥራ ነው። መንግሥት ከልቡ ለፈለገው ነገር ገንዘብ እንደማይጠፋም ምስክር ነው። ከዚያው ተራራ የሚወርድ ሕመምተኛ ግን ከፍ ያለ ሕክምና ሲሻ ወደ አምቦ ወይም ወደ ወሊሶ ሆስፒታል መሄዱ አይቀርም። ሌሊቱን አልጋው አጠገብ የምትቆም ልምድ ያላት ነርስ ያገኝ ይሆን?

ነርሶች ሥራ የሚለቁት ለገንዘብ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ9,056 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል የተወሰነው ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ኑሮው ቀድሞ ሮጧል።

ሌላው ግማሽ ክብር ነው። መድኃኒት ከመጋዘን ሲጠፋ የአስታማሚው ቁጣ የሚያርፈው በኃላፊው ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት ባለችው ነርስ ላይ ነው። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ፣ የተረኝነትና የተጋላጭነት ክፍያ፣ የመኖሪያ ቤት፣ እንዲሁም የራሳቸውን የሕክምና ዋስትና ጥያቄ አንሥተው ሥራ አቆሙ። ሌላውን የምታክም ነርስ ራሷ ስትታመም መታከሚያ መጠየቋ ምን ያስደንቃል? ምላሹ ወደ ሥራ ተመለሱ የሚል ማስጠንቀቂያና እስር ሆነ። ፖሊስ ራሱ 47 ባለሙያዎችን መያዙን አስታወቀ።

“በሕመምተኛ ነፍስ ላይ አድማ አይመታም” የሚል ሰው መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ነገር ግን አድማ የተከለከለ ሠራተኛ ከማንም በላይ የሚሰማው ዳኛ ያስፈልገዋል፤ ጥያቄውን በተወሰነ ቀን መርምሮ ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ ገለልተኛ አካል። ያ በሌለበት በአንድነት መጠየቅ ያሳስራል፤ ለብቻ መልቀቅ ግን አያሳስርም። እንግዲህ ብልህ ሰው የትኛውን ይመርጣል?

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ አበው። በሆስፒታል ኮሪደር ግን ዝምታ የመልቀቂያ ደብዳቤ መጀመሪያ ነው። አድማ ለቀናት ያውካል፤ በቀናት ውስጥም ሊፈታ ይችላል። የዓመታት ልምድ ይዛ አንድ በአንድ የምትወጣውን ነርስ ግን የፖሊስ ማስጠንቀቂያ አይመልሳትም። ጥያቄዋን ሰምቶ መመለስ ግን ሳትወጣ ያስቀራት ነበር።