ዋንጫው አለ፤ ስሙ የለም

ስለ አገራችን የስፖርት ሻምፒዮናዎች ጥቂት ለመጻፍ አስበን በቅርቡ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። ሰዎቹ በደግነት ተቀበሉን፤ ቡናም ጋበዙን። በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ የተደረደሩትንም ዋንጫዎች አሳዩን። አንዱ የቦክስ፣ ሌላው የብስክሌት መሆኑን ከጫፉ ላይ ካለው ምስል ተረዳን። ነገር ግን በየትኛው ዓመት፣ ማን ማንን አሸንፎ እንደ ወሰደው ብንጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም፤ መዝገብም የለም። «የድሮው ጸሐፊ ያውቅ ነበር» ተባልን። ጸሐፊው ጡረታ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ይህ ጉዳይ ቀላል መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር እስቲ አንድ ጥያቄ እናቅርብለት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ማታ፣ አበበ ቢቂላ በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን እንዳሸነፈ የማያውቅ ተማሪ የለም። በ1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከአርባ ቀን ባልበለጠ ጊዜ በቶኪዮ ድሉን እንደ ደገመው፣ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ሦስተኛውን እንደ ጨመረበት ሁሉም ያውቃል። እንግዲያስ በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ የብስክሌት ሻምፒዮን ማን ነበር? ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ ከነዚሁ አንዱ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላም አበበ በሮጠባት በሮማ ተወዳድሯል። ዛሬ ስሙን የሚያነሣ ስንቱ ነው?

የእግር ኳሱ ታሪክ የተሻለ ተጽፏል፤ ስለ ተጻፈም ያስተምራል። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ብቻ ሲሆኑ ሁሉም የአዲስ አበባ ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ የኢትዮጵያውያኑ ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነው፤ የቀሩት የጣሊያኖች፣ የአርመኖች፣ የግሪኮችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ናቸው። ዋንጫውንም የወሰደው የእንግሊዙ ሚሲዮን ሆነ። ጠላት ከወጣ ገና ሦስት ዓመት መሆኑ ነውና የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው «የኢትዮጵያ ሻምፒዮን» ኢትዮጵያዊ እንዳልነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሻምፒዮናው የአገር የሆነው ከአዲስ አበባ በወጣ ጊዜ ነው። የአስመራ ቡድኖች መጡ (አስመራ ዛሬ የሌላ አገር ዋና ከተማ ናት)፤ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድንም መጣ፤ ዋንጫው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይመላለስ ጀመር። የዚህም ፍሬ ብዙ አልቆየም። በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ቡድናችንን 4 ለ 0 አሸንፋ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ላይ ሁለቱ እንደ ገና ተገናኙ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ተክሌ ኪዳኔ አንዱን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን መለሱ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ አገቡና ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ለአምበሉ ያስረከቡት ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በውድድሩ የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ መሆናቸውን አንደብቅም። ነገር ግን የቫሳሎ ወንድማማቾች የአስመራ ልጆች፣ መንግሥቱ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች መሆናቸውን ልብ ይሏል። በየዓመቱ በሻምፒዮናው እርስ በርሳቸው ሲፋለሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው በአንድ ማልያ የተሰለፉት።

ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ አላገኘነውም። እንዲያውም ከ1974 ዓ.ም. በኋላ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ለ31 ዓመታት በአፍሪካ ዋንጫ ሳንሰለፍ ቆይተናል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አንልም። ሩጫው ግን ያልደረቀው በየዓመቱ ከሠራዊቱ፣ ከፖሊሱና ከፋብሪካዎች ክለቦች የሚመጡ ልጆች የሚፈተኑበት ውድድር ስላልተቋረጠ እንደ ሆነ እናምናለን። አበበም ራሱ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ቦክሱና ብስክሌቱ ይህን ያህል ዕድል አላገኙም፤ ያገኙትንም ጥቂት የሚመዘግብ ሰው አጡ። ማንን ይብለጥ? ከማንስ ይማር? የዛሬው ወጣት ቦክሰኛ ከፊቱ የቀደመውን አያውቅም።

ከዚያ መሥሪያ ቤት ስንወጣ አንድ ሽማግሌ የግቢ ዘበኛ ስለ ምን እንደ መጣን ጠየቁን። ነገሩን ብንነግራቸው ሣቁና በወጣትነታቸው ግጥሚያ ይመለከቱ እንደ ነበር ገልጸው የሁለት ቦክሰኞችን ስም ከነሰፈራቸው ነገሩን። ሊሸኘን የወጣው ወጣት ጸሐፊ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ በደብዳቤ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፈው። ስሞቹን እዚህ ያላተምናቸው ጸሐፊው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን እስኪጠይቅ ድረስ ብለን ነው። በመጪው ሳምንት ሊሄድባቸው ቀጠሮ ይዟል።