ማነው የሰረዘው?

የሰወሩት ሁሉ የተሰረዘ የሚመስላቸው ሹማምንት ዛሬም ሞልተዋል፡፡ ጥቅምት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ዴትሌቭ ሜህሊስ የቀድሞውን የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር የራፊክ ሃሪሪን ግድያ የሚመለከት ሪፖርት አስረከቡ፡፡ ሪፖርቱ በማይክሮሶፍት ወርድ ፋይል ሲታደል ምን ቢገኝበት ጥሩ ነው? እርማቱ እንዳለ! አንድ ምስክር የጠቀሳቸው ሰዎች፣ የያኔው የሶርያ ፕሬዚዳንት ወንድም ማሄር አል አሳድ ጭምር፣ ስማቸው ወጥቶ «ከፍተኛ የሊባኖስና የሶርያ ባለሥልጣናት» በሚል ተተክቷል፡፡ የተሰረዘበት ሰዓት ሳይቀር ተመዝግቧል፡፡

ጣት ወደ ዋና ጸሐፊው ኮፊ አናን ተቀሰረ፡፡ ሜህሊስ ግን በማግስቱ ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው የሰረዙት ራሳቸው እንደሆኑ፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ እንደሚወጣ ሲያውቁ ያልተረጋገጠ ስም ላለማውጣት እንዳደረጉት ተናገሩ፡፡ ያመነም ያላመነም ቢኖር፣ ቢያንስ የሚጠየቅ ሰው ተገኘ፡፡

እኛ ጋስ? ረቂቁ በአምስት ሰው እጅ ያልፋል፤ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይቀጥላል፤ ነገር ሲበላሽ «ኮምፒዩተሩ ነው» ይባላል፡፡ (ምስኪን ኮምፒዩተር!) ትራክ ቼንጅስ የሚባለው መሣሪያ የማን እጅ የትኛው ቃል ላይ እንዳረፈ ይመዘግባል፡፡ ምልክቱን ከስክሪኑ መሰወር ደግሞ መሰረዝ አይደለም፤ እያንዳንዱ እርማት «ተቀብያለሁ» ወይም «ጥያለሁ» ካልተባለ ፋይሉ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፡፡

መዝገቡ ይጥፋ አንልም፡፡ ወደ ውጭ የሚላከው ቅጂ ይጽዳ፤ እርማት ያለበት ቅጂ ግን ከነአራሚው ስም፣ ከነምክንያቱ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ፡፡ አለቃ የሰረዘውንም ጭምር!