ቅብብሉስ አለ፤ ሩጫው የታል?

የዋልያዎቹ ማጥቃት ሲደክም ደጋፊው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ኳሱን ይያዙ» ይላል፤ ሌላው «ወደፊት ይሩጡ እንጂ!»

በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ የውበቱ አባተ ልጆች ቅብብሉ አልጠፋቸውም። በሦስት ጨዋታ ያገቡት ግን ሁለት ነው፤ ያውም አንዱ በፍፁም ቅጣት ምት። ስድስት ገባባቸው። (እርግጥ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጥቷል፤ ይሄን መርሳት ግፍ ነው።) ኳሱ መሐል ሜዳ ደርሶ ይመለሳል፤ ተከላካዩን የሚያስደነግጥ ሯጭ የለማ!

አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 2 ቀን፣ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅ 2 ለ 0 ተሸነፈች። ሳላህ አልነበረም ይባል ይሆናል። አሰልጣኙ ግን ያው ውበቱ ነው፤ ቅብብሉም ያው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ የተለየው፣ ኳስ ሲሰነጠቅ ከተከላካይ ጀርባ የሚሮጥ መገኘቱ ነው።