የእልልታ ስም ያላት ከተማ

ደስታ ሲበዛ ቃል ያጥራል ቢሏችሁ አትመኑ። በእኛ አገር ቃሉ ሞልቷል። ሴቶች እልል ይላሉ፤ ወንዶች ሆ ይላሉ፤ «በሆታና በእልልታ ተቀበሉት» ማለታችንም ከዚሁ የተነሣ ነው። ጀግናው ዘራፍ ይላል፤ እናት «እሰይ ልጄ!» ትላለች፤ ደስታው ከአቅሙ በላይ የሆነበትም ጮቤ ይረግጣል። ግእዝም በበኩሉ ፍሥሓን፣ ሐሤትን፣ ይባቤን አውርሶናል። (ልጅ ሲወለድ በብዙ ቦታ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል፤ ይህ ሒሳብ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። የሚያምጡት እናት በሁለቱም እኩል አይደለምን?)

ከነዚህ ዐይነት ቃላት አንዱ የትልቅ ከተማ ስም ሆኗል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የሚደረስባት የሀዲያ ከተማ ሆሣዕና ትባላለች። ራስ አባተ ቧያለው ከተማይቱን ሲቈረቍሩ ዕለቱ የሆሣዕና በዓል ስለ ነበረ ስሙን ከበዓሉ እንዳገኘች ይነገራል።

በዓሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከትንሣኤ በፊት ባለው እሑድ ምእመናን ዘንባባ ይዘው፣ ከዘንባባውም ቀለበት ሠርተው በጣታቸው አጥልቀው፣ ጌታ በአህያ ላይ ሆኖ ወደ ኢየሩሳሌም መግባቱን ያስባሉ። ያን ጊዜ ሕዝቡ የጮኸው ቃል ሆሣዕና ነው፤ ንጉሥ ሲገባ የሚሰማ የድል ድምፅ። ነገር ግን ቃሉን እስከ ዕብራይስጡ ተከትለን ብንሄድ እንገረማለን። በዕብራይስጥ ሁለት ቃል ነው፤ «ሆሺዓ» አድን፣ «ና» እባክህ። በመዝሙረ ዳዊት በ117ኛው፣ በሌሎች አቈጣጠር በ118ኛው፣ የሚገኘው ይኸው ልመና ነው። አይሁድ በዳስ በዓላቸው ቅጠል ይዘው እየዞሩ ይሉት ነበር፤ ዛሬም ይሉታል፤ የበዓሉም ሰባተኛ ቀን «ሆሻና ራባ» ይባላል። እንግዲህ የደስታው ጩኸት መጀመሪያ የጭንቅ ጩኸት ነበር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሲደጋገም፣ አዳኙም ደረሰ ተብሎ ሲታመን፣ ልመናው ወደ እልልታ ተለወጠ።

ስለ ከተማይቱ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም። ስፍራው ቀድሞ ስም አልባ አልነበረም፤ ዋቸሞ ይባል ነበር። ለመጣው ሰው የድል ቃል የሆነው፣ በስፍራው ለነበረው ሰው የቀድሞ ስሙ መሸፈኛ ሆነ። የሆሣዕናን ስም የሚወድ ሰው ይህን ማስታወስ የሚገባው ይመስለኛል፤ ስሙ አምሮ ሳለ አገባቡ በጦር ዘመን ነበርና። ደግነቱ አሮጌው ስም አልሞተም፤ በከተማይቱ ያለው ዩኒቨርሲቲ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይባላል።

ሀዲያም ቢሆን የደስታ ቃል ከሌላ ሊበደር የሚገባው ሕዝብ አይደለም። የራሱ ያሆዴ አለው። ያሆዴ የዘመን መለወጫ በዓሉ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ፣ በመስቀል ሰሞን ይከበራል። ቃሉንም ሲተረጕሙት የምሥራች፣ እንኳን ደስ አላችሁ ወደ ማለት ያቀርቡታል። ወንዶቹ ለእርድ የሚሆነውን ሰንጋ በማኅበር ይገዛሉ፤ እናቶች ደግሞ ቅቤውን አስቀድመው በዊጆ ያጠራቅማሉ። ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አታካና ሳይቀርብ ያሆዴ ደረሰ አይባልም፤ አታካናን የቀመሰ እንግዳም ያሆዴ የምን ቃል እንደ ሆነ አስተርጓሚ አያሻውም። ጎረቤታቸው ከምባታም በዚያው ሰሞን መሳላን ያከብራል፤ በዱራሜና በዙሪያዋ ወጣቱ ሁሉ ለጭፈራ ይወጣል።

ኳስ የሚወድ አንባቢ ይቅር ይበለኝና፣ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስማምቶ የያዘልን የእግር ኳሱ ቡድን ነው፤ ሀዲያ ሆሣዕና። ግብ ሲያገባ ተመልካቹ የቡድኑን ስም ይጠራል፤ ሳያውቀውም በኢየሩሳሌም በር የተሰማውን የድል ቃል ይጮኻል። ቡድኑ ሲመራበትና አምስት ደቂቃ ብቻ ሲቀረውም ይኸንኑ ስም ይጠራል፤ ያን ጊዜ ግን ቃሉ ወደ ጥንቱ ትርጕሙ ተመልሶ «እባክህ አድን» ይሆናል።