ጎተራው ውስጥ አምፖል በርቷል

ረጅም ነው። ጊዜ ያለው ያንብበው፣ የሌለው ላይክ አድርጎ ይለፍ (ብዙዎቻችሁ እንደዛ እንደምታደርጉ አውቃለሁ፣ ክፍል ውስጥም እንደዛው ነበራችሁ)።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የጫጉላ ፎቶዎቿን ለጠፈች። ሳር ክዳን ቤት፣ ነጭ አጎበር፣ አልጋው ላይ የተበተነ ጽጌረዳ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቀንበርና ሞፈር። ከላይ "ገጠር ግን እንዴት ደስ ይላል!" ብላ ጽፋለች። እኔ አፌ አያርፍም፣ "የማን ገጠር?" ብዬ ኮመንት ሰጠሁ። የቀረውን አይታችኋል። "ቲቸር ምቀኛ ሆኗል"፣ "ቲቸርን ደሞዙ አናዶት ነው"፣ "ሰው ሲደሰት የሚከፋው ሰው አለ"። ደሞዙ ያናድዳል፣ አልክድም። ሙሽሪትን በኢንቦክስ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ በሰው ሠርግ ማግስት እንደዛ መጻፍ ነውር ነው። ጥያቄዬን ግን አልሰርዘውም።

ምቀኛ ላላችሁኝ፦ እኔም ሄጃለሁ። ጥር ላይ እኔና ባለቤቴ የተጋባንበትን አምስተኛ ዓመት ለማክበር ሄደን አንድ ሌሊት አድረናል። የከፈለችልን ዱባይ ያለችው የባለቤቴ እህት ናት፣ ሰው ቤት እየሠራች ካጠራቀመችው ላይ። በኔ ደሞዝማ... ተዉት። ቦታው ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያስነዳል። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ሎጅ ጉዳይ አይደለም።

ቦታው ያምራል፣ እውነቱን ልናገር። ድሮ የሦስት ገበሬዎች ግቢ የነበረው አንድ ላይ ታጥሯል። ትልቁ ቤት እንግዳ መቀበያ ሆኗል። ማድ ቤቱ ማሳጅ ቤት። የከብቶቹ ቤት ለሁለት ተከፍሎ "የፍቅረኞች ክፍል" ተብሏል፣ ለኛ የደረሰን እሱ ነው። ግርግሙ እንኳን አለ፤ በሲሚንቶ ተለስኖ አበባ ተተክሎበታል። ባለቤቴ ሳቋ አላቆም አላት። "አንተ፣ እኔ ከከብት ቤት አውጥቼህ ነበር እኮ፣ ከፍለህ ተመለስክበት!"

እውነቷን ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደግኩት ከብትና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ነው። ስለዚህ ገጠርን በናፍቆት አላወራላችሁም። ቁንጫው፣ ክረምት ላይ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ እናቴ ዓይኗ እስኪቀላ እፍ የምትልበት ምድጃ... ገጠር ተወልዶ "ሮማንቲክ ነው" የሚል ሰው ወይ ረስቷል፣ ወይ ሎጅ ሊከፍት ነው። የገበሬ ቤት ሻወር ቢገባለት፣ ጥሩ ፍራሽ ቢገባለት እሰየው ነው የምለው። ሁለት ሰዎች ተፋቅረው ከከተማ ጫጫታ ቢሸሹም ማን ይጠላል? ጫጉላ የሚለው ነገር ራሱ የገጠር ነው። ሙሽሮቹ ለብቻቸው የሚሆኑባት፣ ሚዜዎቹ ደጅ ሆነው የሚያገለግሉባት ማደሪያ ነበረች። ግን መንደሩ ለራሱ ልጆች ነበር የሚያዘጋጃት።

እኔን የከነከነኝ፣ ገበሬው የት ሄደ የሚለው ነው።

ማታ ላይ ከክፍላችን ወጣ አልን። በሩ አጠገብ ጎተራ ቆሟል። ለጌጥ ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ እውነተኛ ጎተራ ነው። ከልምጭ የተጎነጎነ፣ በጭቃና በእበት የተመረገ፣ የሳር ቆብ የደፋ። ውስጡ አምፖል አስገብተውበት በስንጥቁ ሁሉ ብርሃን ይወጣል። ለፎቶ ገዳይ ነው! ባለቤቴ ስልኳን ሰጥታኝ አጠገቡ ቆመች። የማታ ዘበኛው፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ፣ ትንሽ ሲያዩን ቆዩና "ልጄ፣ እንዳትደገፊው፣ ታቹ በስብሷል" አሏት።

"ምን አበሰበሰው አባባ?" አልኳቸው።

"ድንጋዩን አነሱታ!"

ለማታውቁ ልንገራችሁ፣ ጎተራ ድንጋይ ላይ ነው የሚቆመው። እርጥበት እንዳይነካው፣ አይጥም እንዳይገባበት። እነዚህ ከቦታው ሲያዛውሩት ከፍ ብሎ ለፎቶ አልመቻቸውም መሰለኝ፣ መሬት ላይ አስቀመጡት። "ነግሬያቸው ነበር። ዲዛይኑ ነው አሉኝ" አሉ ሽማግሌው። እንዴት አወቁ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የራሳቸው ጎተራ ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው የመረጉት። የፍቅረኞች ክፍል የተባለው ቤትም የሳቸው በሬዎች የሚያድሩበት ነበር።

ተዘረፍኩ አላሉኝም፣ እኔም አልጨምርባቸውም። ካሳ ተከፍሏቸዋል። ከተማ ዳር ቆርቆሮ ቤት ሠሩበት፣ የቀረው ለልጆችና ለሕክምና ወጣ፣ አለቀ። አሁን በገዛ ግቢያቸው በር ላይ ሌሊት ሌሊት ደሞዝተኛ ናቸው። ምሬት እንኳን የላቸውም፤ ሥራ ስለሰጧቸው ያመሰግናሉ። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ምስጋና ነው።

አሁን ወደ ኮመንቶቻችሁ ልምጣ። "ኢንቨስትመንት ነው፣ የሥራ ዕድል ነው" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እሺ፣ እንነጋገር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬው መሬቱን በገበያ ዋጋ ተደራድሮ ሸጦ አይደለም የሚወጣው። ለልማት ሲነሳ የሚያገኘው ካሳ ነው፤ ካሳው ደግሞ የሚሰላው መሬቱ ላይ ባለው ንብረትና ከመሬቱ ያገኝ በነበረው ምርት ነው። በአጭሩ ጤፍ ታስቦ ይከፈለዋል። ከሱ በኋላ እዛ መሬት ላይ የሚሸጠው ግን ጤፍ አይደለም። ጸጥታው ነው፣ የፀሐይ መጥለቂያው ነው፣ "ድባቡ" ነው። የአንድ ሌሊት ድባብ ስንት እንደሚሸጥ ደግሞ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ። በጤፍ ዋጋ ገዝቶ በጽጌረዳ ዋጋ መሸጥ ይሏል ይሄ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ሕጉ ጨርሶ አልረሳቸውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ በቡድን መሬቱን ቅድሚያ የማልማት መብት እንዳለው ይናገራል። አቅሙን ማሳየት አለበት እርግጥ ነው። ግን ሦስቱ ጎረቤታሞች ተደራጅተው፣ ብድር ተመቻችቶላቸው፣ ወይም ባለሀብቱ ሸሪክ አድርጓቸው ቢሆንስ ኖሮ? ሽማግሌውን እንዲህ የሚል ነገር ሰምተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ዛሬ ካንተ ሰማሁ" አሉኝ።

"እና ቲቸር፣ ገበሬ ሎጅ ያስተዳድር ነው የምትለው?" ብሎ የሳቀብኝ ልጅ አለ። (አስራ አንደኛ ክፍል ጂኦግራፊ ስንት እንዳመጣ አልረሳሁም፣ ግን አላጋልጠውም።) አንተ ልጅ፣ ስማኝማ። ጣልያን አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬው እርሻውን እየጣለ ወደ ከተማ ሲጎርፍ ስንትና ስንት የድንጋይ ቤት፣ ስንት በረትና ጎተራ ባዶውን ቀረ። እነሱም ከተሜው መጥቶ ይደርበት አሉ። ግን በ1985 እ.ኤ.አ. ሕግ ቁጥር 730ን አወጡ። አግሪቱሪዝሞ ይሉታል። ፍሬ ነገሩ ምን መሰለህ፣ እንግዳ የሚያሳድረው ሰው ራሱ ገበሬ መሆን አለበት። እርሻው ዋና ሥራው ሆኖ ይቀጥላል፣ እንግዳው ደጎሚያ ነው። ማደሪያው እርሻው ላይ የነበረው ቤት ነው፣ ገበታው ላይ የሚቀርበውም ከራሱ እርሻና ከአካባቢው የተገኘ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሕጉን በሌላ ሲተኩትም ይህን መሠረት አልነቀሉትም። ስለዚህ ቱስካኒ ሄደህ በወይን ማሳ መሀል በድሮ በረት ውስጥ ጫጉላህን ብታሳልፍ፣ ጠዋት ቁርስ የሚያቀርብልህ የበረቱ ባለቤት ነው። በር ላይ ጋቢ ደርቦ የሚጠብቅህ አይደለም።

(ከጣልያን ምን እንማራለን የምትሉ አርበኞች አትነሱብኝ። ማካሮኒውን ተቀብለናል፣ ሕጉን ብንቀበል ምን አለ።)

ሩቅ ነው ካላችሁ ደግሞ መቄት አለላችሁ፣ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ላሊበላው ግድም። ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው በአካባቢው ወግ ጎጆ ሠርተው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። ምግቡን የሚሠሩት እነሱ፣ ዕቃውን በአህያ የሚያደርሱት እነሱ፣ ገቢውም ለማኅበረሰቡ። ፈረንጁ ገደል ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ ስትገባ ያያል። ፍቅር ለፈለገ ከዚህ በላይ ምን አለ? ጦርነቱ መጥቶ ጎዳው እንጂ ገበሬ አይችልም የሚለው ወሬ እዛ ነው ያበቃው። ደግሞስ እንግዳ መቀበልን ለገጠር ሰው ልታስተምሩት ነው እንዴ? እግር አጥቦ፣ መደቡን ለቆ፣ ራሱ መሬት ላይ ተኝቶ የሚያሳድር ሕዝብ እኮ ነው!

ሎጁ ላይ የቀረበልን እራት ደግሞ ጉድ ነው። እንጀራው ያምራል፣ ከየት ነው ብዬ አስተናጋጇን ጠየቅኳት። ከአዲስ አበባ በመኪና ነው የሚመጣው አለችኝ። የጤፍ ማሳ ላይ ቁጭ ብለን!

ጣሪያውም እንደዛው። በጎጆ ቤት ጭሱ ዝም ብሎ ጭስ አይደለም፣ ሳሩን ያደርቀዋል፣ ተባዩን ያባርረዋል። ምድጃውን አውጥተው ሳሩን ብቻ አስቀሩ። ሌሊቱን ሙሉ ከላይ ኮሽ ኮሽ ሲል አደረ፣ ከሥሩ የተወጠረው ሸራ የነፍሳት መድኃኒት ይሸታል። ጠዋት ለሽማግሌው ብነግራቸው "ሳሩን ሁለቴ ቀየሩት፣ ነግሬያቸው ነበር" አሉ። ይሄን "ነግሬያቸው ነበር" ስንቴ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ስለ ሳሩ፣ ስለ ጎተራው፣ ክረምት ላይ ውሃው በየት እንደሚገባ። ለግቢው ሁሉ የሚያስፈልገው እውቀት በር ላይ ቆሞ መኪና ሲገባ ሰላምታ ይሰጣል።

አትሂዱ አላልኩም። ተጋቡ፣ ተፋቀሩ፣ ሂዱ። ስትሄዱ ግን ማናጀሩን "ይሄ የማን ግቢ ነበር? አሁን የት ናቸው?" በሉልኝ። ከፋይ ሲጠይቅ ያፍራሉ። ከተማሪዎቼ መሀል ደግሞ ሎጅ ለመክፈት መሬት እያያችሁ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አንዱ "ቲቸር አማክረኝ" ብሎ ጽፎልኛል። ምክሬ ይሄው፣ በነጻ። ባለቤቶቹን ድርሻ ስጣቸው፣ እርሻውን ግማሹን እንኳን አትንካው፣ ጤፉ እዛው ይታጨድ፣ እዛው ይጋገር። ሙሽሮቹ ጠዋት ሲነሱ የሚያርስ ሰው ይዩ። ይሄን ብታደርግ እኔ ራሴ መጥቼ አድራለሁ፣ በክሬዲት ከሆነ።

ዱባይ ያለችውን እህታችንን የምታውቋት ይህን ፖስት ሼር እንዳታደርጉላት። ስጦታዬን ጠላው ብላ ታዝናለች። ጎተራው አጠገብ የተነሳነውን ፎቶ ልከንላት ፕሮፋይል አድርጋዋለች።